ቢጫዋ አልተፈታችም

የልጅ ልጄ ቤዛ ዘንድሮ ኪሮሽ ጀምራለች። አጠገቧ ተቀምጦ ያስተማራት ሰው የለም። ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ የማታውቀውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ታያለች፤ አፋቸውን ትታ እጃቸውን ትከተላለች። ባለፈው ሰሞን፣ ከተማችን ንፋስ መውጫ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ባደረችበት ጠዋት፣ ከሳጥኔ ውስጥ አሮጌውን ባለ መስመር ብርድ ልብስ አውጥታ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው።

"እምዬ፣ ልክ እንዲህ ያለ ልሠራ ነው፤ ይዩልኝ" አለችኝ።

ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። የረጠበ አሮጌ ሱፍ ሽታ ነው፤ በግ በግ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ቤት ውስጥ ሰው የገባ መሰለኝና ዞሬ በሩን አየሁ። ማንም የለም።

ቤዛ ጨምቃ ሽቦ ላይ ካሰጣችው በኋላ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆመች።

"እዚህ ጋ የሠራችው ሴት ተሳስታለች። ሌላው መስመር ሁሉ ስንዝር ስንዝር ነው። ይቺ ቢጫዋ ግን ሁለት ጣት እንኳ አትሞላም። ዓይኗም ሰፊ ነው፤ ወንፊት ነው የምትመስለው። ፈትቼ ላስተካክላት?"

"እንዳትነኪያት!"

ጎረቤት በመስኮት እስኪያይ ነው የጮህኩት።

"ኧረ እምዬ! ምን አልኩ? ልፍታት ነው ያልኩት።"

"እሷ ተፈትታለች። ሁለት ጊዜ አትፈታም።"

ቤዛ የጃጀሁ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን በስተርጅና የምለውን የማላውቅ ሴት አይደለሁም። አስቀምጬ ነገርኳት። ለሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

እናቴ እርጉዝ ነበረች። ስማዳ ቤታችን ውስጥ ትልልቆቹ በሹክሹክታ ማውራት ሲጀምሩ፣ አባቴ እጄን ይዞ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ እህቱ ዘንድ ወሰደኝ። ሰኔ ነበር። መንገዱ ሁሉ ጭቃ፣ ወንዙ ሁሉ የደፈረሰ።

"እናትሽ እስክትገላገል ነው" አለኝ።

ከምን እንደምትገላገል አልነገረኝም። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሳስብ ሄድኩና በመጨረሻ ከኔ መሆን አለበት አልኩ። ሌላ ከቤት የወጣ ሰው አልነበረማ።

አክስቴን እቴቴ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞቶባቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ የቀሩ፣ ሲቆሙ በሩን የሚሞሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ባህር ዛፉ ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ድምፅ ሁሉ ባንዴ ይመለሳል፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ድምፅም አብሮ።

በዚያ ቤት ብዙ ሰው ይኖር ነበር። ያየሁት ግን እቴቴን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሲናገሩ ሰማኋቸው። "አርፈህ ተቀመጥ ደጀኔ! ምን እንዲህ ያጠብቅሃል? እስቲ ላላ በል።" ቀጥለው "እሜቴ ደግሞ ዛሬ ብሶባቸዋል፤ ጉብ ጉብ አሉብኝ እኮ" አሉና ለብቻቸው ሳቁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። መስኮቱ ሥር ያለው መደብ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ የሆነ ባለ ቀለም ነገር ዘርግተው፣ ከጃንጥላ ዘንግ በተሠራች ቆልማማ ኪሮሽ ክር ይስባሉ። ሌላ ሰው የለም። መደቡ ግን እሳቸው የተቀመጡበት ብቻ ሳይሆን አጠገባቸውም ጎድጎድ ብሎ ነበር።

"ደጀኔ ማን ነው እቴቴ?"

"ባሌ ነው። ይኸውልሽ" አሉና አረንጓዴውን መስመር መታ መታ አደረጉት።

የሟች ልብስ ለድሃ ይሰጣል፤ ያገራችን ወግ ነው። እቴቴም ይሰጣሉ። ሹራቡን ግን ያስቀራሉ። ያጥቡታል፣ ይፈቱታል፣ ክሩን ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ አንድ መስመር ይሠሩበታል። እያንዳንዱ ሟች የራሱ ቀለም ብቻ ሳይሆን የራሱ አሠራር ነበረው። አያ ደጀኔ ዝምተኛና ቆጣቢ ስለነበሩ አረንጓዴያቸው ጥብቅ ነው፤ መርፌ አያስገባም። እሜቴ የሚባሉት የደጀኔ እናት ቡናማ ናቸው። ጥርስ እስካላቸው ድረስ ቆሎ ከአፋቸው አይለይም ነበር አሉ፤ እና መስመራቸው ላይ ክሩ እየተቋጠረ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል ጉብታ አለው። ሰማያዊው የአባቴና የእቴቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ክረምት ላይ ወንዝ የወሰደው። እሱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። እኔ እሱን አልነካም ነበር። ቤቱ ውስጥ እሳት እየነደደ እንኳ ስትነኪው እርጥብ ነው።

ቀዩስ? ቀዩ ዳማ ናት። ዳማ የአያ ደጀኔ በቅሎ ናት፤ ከአንገቷ ላይ ይንጠለጠል የነበረው የሱፍ ዘርፍ ተፈትቶ ነው። የሷ መስመር ረጃጅም ዓምድ አለው፤ እግር እግር።

"በቅሎም ትገባለች?" አልኩ።

"ምን አጠፋች? ባሌን ስንት ዘመን ተሸክማ። ሲሞት አልበላም ብላ ሞተች።"

ይኼ ደስ አለኝ። እኔ ልጅ ሆኜም እንዲህ ያለ ነገር እወድ ነበር። ዳቦ ሲቆረስ የማን ቁራሽ እንደሚበልጥ አይቼ የማለቅስ፣ ትልቁ ለኔ ቢደርስም የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። አባቴ "ይቺ ዳኛ ናት" ይለኝ ነበር። ለሰውም ለበቅሎም እኩል ስንዝር መስጠት ትክክል መሰለኝ።

ጎረቤቶቹ ግን እንደኔ አልነበሩም። ሊጠይቁ ሲመጡ በር ላይ ቆመው ነው የሚያወሩት፤ ዝናቡ ጀርባቸውን እየመታቸው። "ግቡ እንጂ" ይላሉ እቴቴ። "አይ፣ ቸኩለን ነው" ይላሉ። ዓይናቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። አንዷ ወጥታ ስትሄድ "ሙታኑን በጉልበቷ ታቅፋ!" ስትል ሰማሁ። እኔ ማታ የምለብሰው እሱን ነበር። ሌላ ብርድ ልብስ አልነበረም።

አሁን ወደኔ ሹራብ ልምጣ።

ሹራቤን የሠሩልኝ እቴቴ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንኑ ነው የለበስኩት፤ ባደግኩ ቁጥር አባቴ ይዞላቸው ይመጣል፣ እሳቸው ዙሪያውን ሌላ ክር ይቀጥሉበታል፣ እንደገና ይሰፋኛል። መሐሉ ላይ፣ እምብርቴ አካባቢ፣ አንዲት ቢጫ ቁራጭ አለች፤ እስከ ታችኛው ጠርዝ ትደርሳለች። ነጠላ ጨርቅ ላይ እንደ ተጣፈ እራፊ ነው የምትመስለው። ለምን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። ሰው ስለ እምብርቱ ይጠይቃል?

ሐምሌ ውስጥ ያቺ ቢጫ መተርተር ጀመረች።

መጀመሪያ አንድ ጫፍ ክር ብቻ ነው ያየሁት፤ ከጠርዙ ወጥቶ የተንጠለጠለ። አስገባሁት። በማግስቱ ስነሳ ረዝሟል። አጥብቄ ቋጠርኩት። በማግስቱ ቋጠሮው ተፈትቶ ክሩ ከመኝታዬ ወርዶ መሬቱ ላይ ወደ መደቡ፣ እቴቴ ወደሚሠሩበት ቦታ ተዘርግቷል። ድመት ናት እንዳልል ድመት የለንም። ሚስማር ይዞት ነው እንዳልል እኔ ከተኛሁበት አልተነሳሁም። ቀን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እንኳ አንዳንዴ ሆዴ ላይ ሳብ የሚያደርገኝ ነገር ይሰማኛል፤ ትንሽ ልጅ እናቷን በቀሚሷ ጫፍ እንደምትጎትት። ዞር ስል የለም።

እቴቴ አንድ ቀን ክሩን አዩት። ኪሮሿን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ሆዴን ሲያዩ ቆዩ።

"አደግሽ" አሉኝ። "ሹራብሽ ጠበበሽ።"

"አልጠበበኝም።"

"እስቲ አውልቂው።"

"አይ! ይበርደኛል!"

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ቤት ሹራቡ የሚፈታ ሰው የሞተ ሰው ነው። ሳይሞት ወደዚያ ብርድ ልብስ የገባ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹራቤን ለብሼ ተኛሁ፣ ለብሼ ተነሳሁ። ስታጠብ እንኳ በእግሬ ረግጬው ነው።

የነሐሴ ጾም ገባ። ፍልሰታን እኛ አገር ልጅም ይጾማታል፤ እኔም እጾም ነበር። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም። በጾሙ መጀመሪያ የእቴቴ የነፍስ አባት መጡ፤ ወፈር ያሉ፣ ጃንጥላቸው ከሳቸው የሚያንስ፣ ቀልድ የሚወዱ ቄስ። ከጎረቤቱ ሁሉ ተለይተው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። "ደጀኔ፣ ጠጋ በል" ብለው ነው የሚቀመጡት።

የዚያን ቀን ግን አልቀለዱም። እቴቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲለምኗቸው ከመጋረጃው ወዲያ ሰማሁ።

"አባታችን፣ ሕፃን ናት። ምን ኃጢአት አለባት?"

"ኃጢአት አለባት አላልኩሽም። አትፈታም ነው ያልኩሽ። ክርስትና ያልተነሳች አትፈታም። እኔ ልፍታት ብል ማን ብዬ ጠርቼ እፈታታለሁ?"

"እንግዲያ እንደታሰረች ትቅር?"

"እኔ አልችልም፤ ለእመቤታችን ንገሪያት።"

እንግዲህ ፍትሐት ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት መሆኑን፣ ካህን ሟችን "ፈታ" ሲባል ከኃጢአቱ እስራት ፈታው ማለት መሆኑን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው መፍታት አንድ ብቻ ነው፤ የእቴቴ መፍታት። ክር መፍታት። ስለዚህ አዘንኩላቸው። እኚህን የሚያክሉ ቄስ ኪሮሽ ከየት ይችላሉ? እሱንም በግልጽ ነው የተናገሩት፤ አልችልም ብለዋል።

ቄሱ እንደወጡ ጠየቅኩ።

"እቴቴ፣ ያልተፈታችው ማን ናት?"

ዝም ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። የልጅ ጥያቄ ከትልቅ ሰው ጥያቄ አያንስም የሚሉ ሴት ነበሩ።

"ካንች በፊት እናትሽ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ለክርስትናዋ ቀን ብዬ ቢጫ ሹራብ ሠራሁላት፤ መዳፍ የምታክል። ቀኑ ሳይደርስ ሞተች። ያለ ስም፣ ያለ ፍትሐት፣ ከቅጥሩ ውጭ ቀበሯት። ሹራቧን ላንች አደረግኩት።" እጃቸውን ሆዴ ላይ፣ ቢጫዋ ላይ አደረጉ። "ላንች ሳሰፋው ሌላውን ሁሉ ነካክቻለሁ፤ ይቺን ግን አልፈታኋትም። እጄ እምቢ አለኝ። ስትወለጂም አባትሽ ስምሽን ምትኬ አለሽ።"

ስሜ ምትኬ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስም ብቻ ነበር፤ እንደ አበበች፣ እንደ ዘነቡ። አሁን ግን ቃሉን ሰማሁት። ምትክ። ምትክ ምን እንደሆነ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዱ በሬያችን ታሞ አጎቴ ምትክ ሰጥቶን ነበር። የኛው በሬ ዳነ። ምትኩ ተመለሰ።

ገባኝ። እንደዚያ ፍርሃት ገብቶኝ አያውቅም። ሌት ተቀን ክሬን የምትስበው እሷ ናት። ሹራቧን እየሳበች ነው። ሹራቧን ስታገኝ ዋናዋ ትመጣለች፤ ምትኳ እመለሳለሁ። ወዴት? ከቅጥሩ ውጭ ይሆናል። እናቴም እስክትገላገል ነው የተባለው ይኼ ይሆናል።

የዚያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ብርድ ልብሱ ከላዬ ሲሆን የአያ ደጀኔ ጥብቅ መስመር ደረቴን ይጫነኛል፤ ሰማያዊው እግሬን ያረጥበኛል። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ተኝተዋል። እሷ ብቻ ቦታ የላትም። በዚያ መሐል ነው ከፍርሃቱ ሥር ንዴት የመጣብኝ። ለበቅሎ! ለበቅሎ ስንዝር ሙሉ መስመር ተሠርቶ፣ ለእናቴ ልጅ የለም? በቅሎ ክርስትና ተነስታለች? እሷስ ምን ታድርግ፤ እኔ ሹራቧን ለብሼ ሞቆኝ እተኛለሁ፣ እሷ ውጭ ናት። እኔ ብሆን አልስብም? እኔ ብሆንማ በጥርሴ ነበር የምስበው።

በጾሙ መጨረሻ ግድም እቴቴ ቅዳሴ ሄዱ። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቤቱ በቀን ጨልሟል። ብቻዬን ነበርኩ ለማለት ግን አልደፍርም።

ሹራቤን አወለቅኩ። መደቡ ላይ፣ ጎድጓዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢጫዋን ከሌላው ጋር የያዛትን ስፌት በጥርሴ በጠስኩ። ከዚያ የክሩን ጫፍ ግራ እጄ አንጓ ላይ ሦስቴ ጠምጥሜ ቋጠርኩ። ቢወስዱኝ እንኳ እቴቴ ክሩን ተከትለው ይደርሱብኛል ብዬ ነው።

"ልፈታሽ ነው" አልኳት። ድምፄ በዝናቡ ውስጥ አልተሰማኝም። "ሹራብሽን ውሰጂ። እኔን ግን አትመልሽኝ። ተመለሺ ካልሽኝም መጀመሪያ ለእቴቴ ንገሪያቸው።"

ሳብኩ። ክሩ ትርር፣ ትርር እያለ ወጣ። ዘመን የተጣጠፈ ክር ቀጥ አይልም፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን ቀለለ። እኔ ስስብ ከወዲያ በኩል የሚለቅልኝ ሰው ያለ መሰለኝ፤ ሁለት ልጆች ክር ይዘው ሲጫወቱ አንዷ ስትስብ ሌላዋ እንደምትለቅ። ዝናቡ ባንዴ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የመጨረሻው ዓይን ተፈታ። ጉልበቴ ላይ ትንሽ የቢጫ ክር ክምር ብቻ ቀረ።

እኔም አለሁ። እጄን አየሁ፣ እግሬን አየሁ። አለሁ።

በሩ ተከፈተና እቴቴ ገቡ፤ ከኋላቸው ቄሱ፤ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ። እቴቴ እርቃኔን ሆኜ ክሩን ታቅፌ ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምትኬ! ምን አደረግሽ?"

"ፈታኋት" አልኩ።

"ማንን?"

"እሷን። አባታችን አልችልም ስላሉ እኔ ፈታኋት። እኔ እችላለሁ፤ እርስዎ ሲፈቱ አይቻለሁ።"

እቴቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ መውደቅ ነው። ቄሱ በር ላይ እንደቆሙ፣ ጃንጥላቸውን ሳይዘጉ፣ አንዴ እኔን አንዴ ክሩን ያያሉ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

"ልጄ" አሉ፣ "የኔ መፍታት ሌላ ነው።"

"እንዴት ሌላ ነው?"

"የኔ መፍታት ስም ይፈልጋል። ስም ተጠርቶ ነው። እሷ ስም የላትም።"

ይኼን ጊዜ ነው የተነሳሁባቸው። ዛሬም ሳስበው ያነደኛል። "እኔ ሁለት አለኝ!" አልኩ። "ቤት ምትኬ ይሉኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ወለተ ማርያም ይሉኛል። እኔ ሁለት ይዤ እሷ አንድም ሳይኖራት ልክ ነው? ዳማ መስመር አላት! ዳማ በቅሎ ናት! ወለተ ማርያምን ትውሰድ። እኔ ምትኬ ይበቃኛል።"

"ስም እኮ እንደ ቁራሽ ዳቦ አይከፈልም።"

"ለምን አይከፈልም?"

ቄሱ ጃንጥላቸውን ዘጉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው "ደጀኔ፣ ጠጋ በል" አላሉም። እቴቴ ከመሬት ተነስተው በነጠላቸው ጠቀለሉኝ፤ ከአንጓዬ ላይ ክሩን ፈቱልኝ፤ ጫፉን ኪሮሿ ላይ አደረጉት። እጃቸው አሁን እምቢ አላላቸውም።

"በምን ዓይነት ልሥራት?" ብለው ጠየቁኝ። እኔን!

አሰብኩ። "ዓይኗ ሰፊ ይሁን። ወንፊት። ምንም ሳታይ ነው የሄደችው።"

የመዳፍ ያህል ሹራብ ክር ስንዝር አይሞላም። ሁለት ጣት ላይ አለቀ። እቴቴ ሌላ ቢጫ ገዝተው ሊጨምሩ ፈልገው ነበር፤ እኔ አይሆንም አልኩ። የራሷ ይህን ያህል ነው። ተለክቶ የተሰጣት ይኸው ነው፤ የሰው ቢጨመርበት የሷ አይሆንም።

መስመሯ ባለቀ ቀን ቄሱ ለቤቱ ጸሎት አደረሱ። ቆመን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ እሳቸው በግዕዝ ሲያነበንቡ እኔ የሚገባኝ ስሞቹ ብቻ ነበሩ። እቴቴን በክርስትና ስማቸው፣ "ወለተ ሚካኤል" አሉ። ቀጥለው "ወለተ ማርያም" አሉ። እኔ ነኝ፤ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ትንሽ ቆም አሉ።

"ወለተ ማርያም" አሉ እንደገና።

እቴቴ አለቀሱ። እኔ ዓይኔን ገልጬ ብርድ ልብሱን አየሁ። ነፋስ አልነበረም፤ በሩም ዝግ ነበር። ቢጫዋ ብቻ፣ ትንፋሽ እንደሚያወጣ ደረት፣ አንዴ ከፍ ብላ ዝቅ አለች። ለማንም አልተናገርኩም። ለቤዛም ገና አሁን ነው የነገርኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚጎትተኝ ነገር የለም። ሹራቤ ሆዱ ላይ መስኮት ወጥቶለት፣ እቴቴ በነጭ እስኪሞሉት ድረስ ነፋስ ሲገባበት ከረመ። መስከረም ጠብቶ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ "እናትሽ ተገላገለች!" ብሎ ጮኸ።

"ከኔ?" አልኩት።

"ምን ትላለች ይቺ? ወንድ ልጅ ወለደች!"

እቴቴ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ሰጡኝ። "አንች ነሽ የጨረስሽው" አሉኝ።

ይኸው ነው። ቤዛ አሁን የራሷን ጀምራለች፤ ቀለሙ ያማረ፣ መስመሩ ሁሉ እኩል የሆነ። አሮጌውን ግን ከደረቀ በኋላ ራሷ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው፤ ቢጫዋን ወደ ላይ አድርጋ።

ለሷም ለእናቷም አንድ ነገር አስጠንቅቄያለሁ፤ እዚህም ልጻፈው። እኔ የሞትኩ ቀን፣ በፍትሐቱ ላይ ወለተ ማርያም የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ይጠራ። ካህኑ የተሳሳቱ መስሏቸው ቢያቆሙ፣ አልተሳሳቱም በሏቸው። አንደኛው የኔ ነው።